አንገተ ደንዳና በሬማ ጥሩ በሬ ነው

ልጄ፣

የላክህልኝን ረቂቅ ሁለት ሌሊት አነበብኩት። ንባቡ ይፈስሳል፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ የደከመ ዓይን እንኳ አያሰለችም። አንድ ነገር ግን ከገጽ ገጽ ሲከተለኝ አደረ። ዘጸአት 32 ላይ «እልኸኛ ሕዝብ» ብለሃል። ፈርዖን ላይ «እልኸኛ ሆነ» ብለሃል። ኢሳይያስ 6 ላይም፣ ማርቆስ 3 ላይም፣ እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት ቆሞ በሚናገርበት በሐዋርያት ሥራ 7 ላይም ያው እልኸኛ። አንገቱ የት ሄደ? ልቡስ? ግንባሩ፣ ጆሮው፣ ትከሻው? አንድ ሙሉ በሬ አርደህ አንዲት ዘለላ ቋንጣ ብቻ አቀረብክልኝ።

ምክንያትህን አውቃለሁ። በማስታወሻህ ላይ «ጋሼ፣ ያሁን ዘመን ልጅ አንገተ ደንዳና ሲባል የሚታየው የቦክሰኛ አንገት ነው» ብለሃል። እውነትህን ነው። እኔም ከአንተ በፊት እዚሁ ጉድጓድ ገብቼ ወጥቻለሁ።

በአንተ ዕድሜ ሳለሁ ከአንድ የትርጉም ቡድን ጋር ረቂቅ ይዘን ወደ ጎጃም ገጠር ወርደን ነበር። ሥራችን ያረቀቅነውን ለገበሬዎች ማንበብና ምን እንደሰሙ መጠየቅ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጠን የወርቁን ጥጃ ታሪክ አነበብኩላቸው። እግዚአብሔር ሕዝቡ አንገተ ደንዳና መሆኑን ለሙሴ የሚነግርበት ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። «አንገተ ደንዳና በሬማ ጥሩ በሬ ነው፤ ቀንበር ይችላል። እግዜር ተቆጣ አላልከንም እንዴ? ምነው አመሰገናቸው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ለካ ደንዳና ማለት ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ሥራ የማይጥለው ማለት ነው። ክንድም ደንዳና ይባላል፤ ያ ሙገሳ ነው። «ታዲያ ቀንበር እምቢ የሚለውን ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለጋሚ!» አሉ ባንድ አፍ። በዚያው ሌሊት በኩራዝ ብርሃን «አንገተ ደንዳና» የሚለውን ሰርዤ «ልግመኛ ሕዝብ» ብዬ ጻፍኩ። አንተ ዛሬ የምታውቀውን ዓይነት ደስታ ተሰማኝ፤ ገበሬው የሚያውቀውን ቃል ከገበሬው አፍ አግኝቻለሁና።

በማግስቱ የቡድናችን አዛውንት፣ በአንድምታ ያረጁ መምህር፣ ወረቀቱን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ለጋሚ በሬ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «አይሄድም፤ ትልሙ ላይ ይተኛል» አልኩ። «እነዚህስ ተኝተው ነበር?» አሉኝ። ታሪኩን መለስ ብዬ አየሁት። የወርቅ ጉትቻ ሰብስበዋል፣ ጥጃ አስቀርጸዋል፣ መሥዋዕት አቅርበዋል፣ በልተው ጠጥተው ሊዘፍኑ ተነሥተዋል። ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ የለገመ የለም። እርፍ የያዘው ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ በሙሉ ጉልበታቸው የሄዱ ናቸው። ደግሞ ልብ በል፤ የበሬ ስድብ የተሰደቡት የጥጃ ምስል ባመለኩ ጊዜ ነው። ይህ ያለምክንያት የመጣ አይመስለኝም። አንተ «እልኸኛ» ስትል ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ጥጃው አለ፣ በሬው የለም።

ዕብራይስጡ «ቀሼ ዖሬፍ» ነው። ቀሼ ደረቅ፣ ጠጣር ነው። ዖሬፍ ደግሞ አንገት ሁሉ ሳይሆን የአንገት ኋላው ነው፤ ለአንገት በጠቅላላው ሌላ ቃል አላቸው። እኛ ለዖሬፍ ቁርጥ ያለ ቃል አለን፤ ማጅራት። ኤርምያስ በምዕራፍ 2 ሕዝቡ ፊቱን ሳይሆን ዖሬፉን ወደ አምላኩ እንዳዞረ ሲወቅስ የሚታየው ይኸው ማጅራት ነው። እንግዲህ በዚህ ፈሊጥ ውስጥ ሁለት እንቢታ አለ። አንዱ ቀንበር አልሸከምም የሚል የበሬ እንቢታ ነው። ሌላው ሲጠሩት ዞር የማይል ሰው እንቢታ ነው፤ ከኋላው የሚጮኸው ሰው የሚያየው ማጅራቱን ብቻ ነው።

ይህን ባወቅኩ ጊዜ «በቃ፣ ማጅራተ ገታራ እለዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። አዛውንቱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ማጅራት ገትር በሽታ ነው! ቆላ ወርዶ ያየ ሁሉ ይፈራዋል። ቃል በቃል የተተረጎመው ፈሊጥ በአማርኛ ቀድሞ ሰው ይዞት ጠበቀኝ፤ የያዘው ደግሞ ሐኪም ነው። ሙሴ ለሕዝቡ ክትባት የሚለምን ይመስል ነበር።

ስለዚህ በአንገቱ ላይ የምመክርህ ይህ ነው። «አንገተ ደንዳና» በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የተለመደ ነው፣ ሰባኪውም ምእመኑም ያውቀዋል፤ ከገበሬው ሳቅ ጋር እንኳ ብትተወው አልቆጣህም። ካልተውከው ግን አንገቱን አታውጣው። «አንገቱ አልታጠፍ ያለ ሕዝብ» በል፣ ወይም ከዚህ የሚሻል ፈልግ፤ ብቻ አንባቢው አካል ይየው። የእኛ ሰው ከአንገት ጋር ያለው ነገር ራሱ ቀላል አይደለም። አንገቱን ደፍቶ የሚሄደውን ጨዋ እንለዋለን፤ ዘወር ብለን ደግሞ አንገት ደፊ አገር አጥፊ እንላለን። እንዲህ ጥርጣሬ ያለበት ሕዝብ አንገት በሚል ቃል ላይ ሲደርስ ጆሮው ይቆማል። ያንን ጆሮ በ«እልኸኛ» አታስተኛው።

ወደ ልብ እንሂድ። እዚህ ላይ አማርኛህ ከብዙ የአውሮፓ ቋንቋ ይበልጥ ታድሏል፣ አንተ ግን አልተጠቀምክበትም። ለፈረንጁ ልብ የፍቅርና የሐዘን ቤት ነው፤ ሐሳብ ከጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ለዕብራዊው ልብ የማሰቢያ፣ የመወሰኛም ስፍራ ነበር። እኛም ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልብ ይስጥህ፣ ልበ ቢስ የምንለው ስለ ማስተዋል ነው። ግዕዙም ለበወ ሲል አስተዋለ ማለቱ ነው። እንግዲህ የፈርዖን ልብ ሲባል ርኅራኄው ብቻ እንዳይመስልህ፤ የመወሰን ችሎታው ነው የተነካው።

በዘጸአት ውስጥ የፈርዖን ልብ ሃያ ጊዜ ያህል ይነሣል፣ ዕብራይስጡም ሦስት ግሦች ያፈራርቃል። አንዱ «ሐዘቅ» ነው፤ በረታ፣ ጸና። ሁለተኛው «ካቤድ» ነው፤ የእኛው ከበደ የሥጋ ዘመድ። ሦስተኛው ያ የአንገቱ «ቃሻ» ነው፤ ደረቀ፣ ጠጠረ። የ1954ቱ ትርጉም አንዳንዱ ቦታ አጸና፣ አንዳንዱ ቦታ አደነደነ ይላል። አንተ በማስታወሻህ «አጸና የሚለው ግራ ያጋባል፤ ጽናት ጥሩ ነገር ነው» ብለህ ሰርዘኸዋል። እዚህ ላይ ነው እጅህን የምይዘው።

አዎ፣ ጥሩ ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ገብተን እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን። ያንኑ ቃል ስለ ፈርዖን ስንሰማ ይጎረብጠናል። ግን አስተውል፤ ዕብራይስጡም ጎርባጣ ነው። ኢያሱ ዮርዳኖስን ከመሻገሩ በፊት በርታ የተባለበት ቃል ያው ሐዘቅ ነው። የንጉሡ የሕዝቅያስ ስም፣ የነቢዩ የሕዝቅኤልም ስም ከዚሁ ሥር ነው የበቀለው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 3 ላይ ሕዝቡ ግንባረ ጠንካራ፣ ልበ ደረቅ ነው ከተባለ በኋላ አምላክ ነቢዩን ሕዝቡን አለሰልስልሃለሁ አላለውም፤ ግንባርህን ከእነርሱ ግንባር አጠነክራለሁ አለው እንጂ። ያው ጥንካሬ፣ ያው ቃል፤ በአንዱ ኃጢአት፣ በሌላው ጸጋ። ለፈርዖን አንድ ክፉ ቃል፣ ለኢያሱ አንድ ደግ ቃል መርጠህ ከለየሃቸው አንባቢህ ይህን አያይም። እኔ ብሆን ሐዘቅ ባለበት ሁሉ አጸናን አስቀምጣለሁ፤ ጎርበጥ ይበለው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛው የሰዋስው ነው። «እልኸኛ ሆነ» ስትል አድራጊው ይጠፋል። መጽሐፉ ግን ሦስት መንገድ ያውቃል። ልቡ ጸና ይላል፤ ማን እንዳጸናው አይናገርም። ልቡን አደነደነ ይላል፤ ራሱ ፈርዖን ነው ያደረገው። እግዚአብሔር ልቡን አጸናው ይላል። ይህ የመጨረሻው ከመነሻው አስቀድሞ ቢነገርም በመቅሰፍቶቹ መካከል ሆነ ተብሎ የሚተረከው ስድስተኛው፣ የቁስሉ መቅሰፍት ላይ ስንደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውዬው በራሱ ልብ ላይ ሲሠራ ነው የሚታየው። ሊቃውንት ስንት ዘመን የተከራከሩበትን ነገር በአንድ «ሆነ» ዘጋኸው። ክርክሩን አንተ አትፍረድ፣ አትሸፍነውም ደግሞ። የእኛ አባቶች «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን በጎን ሲደረድሩ ንባቡን እንዳለ ያቆዩት ለዚህ ነው።

ካቤድን ደግሞ በቀላሉ አትለፈው። ሙሴ ሲጠራ አፌ ከባድ ነው ብሎ ያመለከተበት ቃል ነው። ከባድ አፍ ያለው እረኛ ከባድ ልብ ካለው ንጉሥ ፊት ቆመ ማለት ነው። በአማርኛ ከበድ ያለ ሰው የተከበረ ሰው ነው፤ ከበደ ብለን ልጅ እንሰይማለን። እንደገና ያው ጎርባጣ መንገድ።

ማርቆስ ላይ የበደልካቸው ደቀ መዛሙርቱን ነው። አምስት ሺህ ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ፣ በጀልባው ላይ ስለ እንጀራው ባላስተዋሉበት ምዕራፍ 6 ላይ፣ አንተ «እልኸኞች ስለ ነበሩ» አልክ። ምን እምቢ አሉ? ግሪኩ እዚህ ላይ ያስቀመጠው «ፖሮሲስ» ከሚለው ወገን ነው፤ በጥንት የግሪክ ሐኪሞች ዘንድ የሚደድር ነገር፣ በተሰበረ አጥንት ላይ የሚበቅል ጠጣር ሥጋ ይባልበት ነበር። በሚስት መፍታት ጉዳይ ግን፣ ማርቆስ 10 እና ማቴዎስ 19 ላይ፣ ቃሉ «ስክሌሮካርዲያ» ነው፤ ልብ ከነድርቀቱ። የ1954ቱ ተርጓሚዎች ሁለቱን አላደባለቁም። ለመጀመሪያው ድንዛዜ አሉ፣ ለሁለተኛው ጥንካሬ። ድንዛዜ! ተቀምጠህ የሞተብህን እግር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ የተወጋውን ድድ አስብ። እምቢ አላለም፤ አይሰማውም እንጂ። ያንን ቃል ያገኘ ሰው ማን እንደነበረ ባውቅ እጁን እስም ነበር።

ያልተገረዘ ልብና ያልተገረዘ ጆሮ የሚለውን ሳትነካ ተወው። በስምንተኛ ቀኑ ልጅ የሚገርዝ ሕዝብ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን የምወዳት ቦታ ላይ ደረስን። መዝሙር 118፣ በዕብራውያን ቁጥር 119፣ ቁጥር 70። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በልጅነቱ አፉን የፈታባት ናት። ስለ ትዕቢተኞች ነው፤ ግዕዙ ልባቸው እንደ ወተት ረጋ ይላል፣ አማርኛውም ተከትሎታል። አንተ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አይተህ «ልባቸው በስብ ተደፈነ» ብለህ ለወጥከው፤ በጎኑም «የቀድሞው ስሕተት ነው» ብለህ ጻፍክ። ቀስ በል። በዕብራይስጥ ስብ «ሔሌብ» ነው፣ ወተት «ሐላብ» ነው። አናባቢ ምልክት ሳይኖር ሲጻፉ ሁለቱም ሦስት ያው ፊደል ናቸው። ዕብራይስጡን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ወተት ብለው አነበቡት፤ ከግሪኩ ወደ ግዕዝ የመለሱት አባቶቻችንም ሐሊብ ብለው አስቀመጡት፣ ቃሉን እንደ ዘመድ ወደ ቤቱ መለሱት። ይህ ስሕተት አይባልም፤ ንባብ ይባላል። ከዕብራይስጡ የተረጎሙት የአውሮፓ ትርጉሞች ስቡን ወረሱ፣ እኛ ወተቱን ወረስን።

ወተቱ ደግሞ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። የረጋ ሰው ብለን የምናመሰግን ሰዎች ነን፤ የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል እንላለን። ስለዚህ ተማሪው የኔታ ፊት ተቀምጦ ትዕቢተኞች ልባቸው እንደ ወተት ረጋ ሲል፣ ቤቱ የሰማው ምሳሌ ከጆሮው ይጋጫል። እኔ ልጅ ሳለሁ «ታዲያ መርጋት ምኑ ክፉ ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። «ወተት ሲረጋ ዕቃውን ብታዘነብለው አይፈስም። ልብም ወደ ሌላው ካልፈሰሰ ረጋ ይባላል» አሉኝ። እንግዲህ ስብ ጻፍ ወተት ጻፍ፣ የሥራህ መመሪያ የሚጠይቅህን አድርግ። ግን ያንን «ስሕተት ነው» የምትለውን መስመር ሰርዝ። ስብ ከመረጥክ ደግሞ ለልቡ «ደነደነ» በል። ደንዳና ለአንገት ያልሆነው ቃል ለዚህ ልክ ነው፤ መወፈር ነውና። ኢሳይያስ 6 ላይ ያለው ልብም የወፈረ፣ የሰባ ልብ ነው።

የጳውሎስ መውጊያ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ አጠፋህ። ሐዋርያት ሥራ 26 ላይ የበሬ መንጃው ሹል ብረት በእኛ አገር ስለማይታወቅ «ጅራፍ» አልከው፤ የእኛ አራሽ ጅራፍ ያጮሃልና። ሐሳብህ ደግ ነው። ግን ጅራፍን በሬ ቢረግጠው ምን ይሆናል? ምንም። መውጊያው ላይ የሚራገጥ በሬ ግን ራሱን በራሱ ይወጋል፤ ነጂው እጁን ማንቀሳቀስ እንኳ የለበትም። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በግሪኮች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ ነበር፤ የኤውሪፒደስ «ባኮስ ሴቶች» በሚባለው ተውኔት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። «ሹል ብረት» በልና እለፍ፤ ሹል ነገር የማያውቅ ሰው የለም።

እንዲህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ማንን ይጠቅማል ትል ይሆናል። እስራኤል አገር ያሉትን ቤተ እስራኤሎች አስባቸው። አያቶቹ ኦሪትን በግዕዝ ሲሰሙ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎች ገቡ፤ የልጅ ልጆቹ ዕብራይስጥ ይናገራሉ። ልጁ ግትር ሰውን በሰፈር ቋንቋ «ዐቅሻን» ይለዋል፣ ኦሪቱን ሲከፍት ደግሞ ቀሼ ዖሬፍን ያገኛል። አያትየው ያንተን አማርኛ ይዘው አብረው ቢያነቡ፣ በልጁ መጽሐፍ አንገት አለ፣ በአያትየው የለም። ስለ ምን ይጫወታሉ?

ይህን ሥራ ከእኛ በፊት የጀመሩት አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ ካይሮ ተቀምጠው 10 ዓመት ያህል ሙሉውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱ። በእጅ የተጻፈው ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ የታተመው እርሳቸው ካለፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ገጽ በገጽ ያስቀመጣቸው ምን ይባላል? በአንተ ረቂቅ ቃል ከሄድን እልኸኛ ነበሩ ልንል ነው።

ዘካርያስ 7ን ገና አላረምኩልህም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እዚያ ያለው ትከሻ ነው፤ እምቢ ያለ ትከሻ ሰጡ ይላል ዕብራይስጡ። እኔ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አዲስ አበባ ተቀምጠህ ከምትጽፈው ሰኔ ሳይገባ እናትህ አገር ብቅ በል። ወይፈን የሚገሩበት ጊዜ ነው። ቀንበሩ ሊያርፍበት ሲል ትከሻውን ምን እንደሚያደርገው ቆመህ እይ፣ አራሹ ያንን ምን ብሎ እንደሚጠራውም ጠይቅና ጻፍልኝ።

ጋሼህ